የወይዘሮ ሃጂራ ደጅ

የሰኔ መጨረሻ ነበር። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትኩስ አስፋልት የጫነው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። የመንገድ ጥገናው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሀይፋ በወይዘሮ ሃጂራ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት የሚያልፈውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ትመለከታለች። ቦዩ ሱቁ ደጅ ላይ ሲደርስ ይሰወራል፤ ወይዘሮዋ ደንበኞቻቸው ተራምደው እንዲገቡ በሲሚንቶ ከድነውታል። ከክዳኑ ሥር ደለልና ፌስታል ሞልቷል።

"ይህ ቦይ ሳይከፈት አስፋልቱ ከተነጠፈ መንገዱ ከፍ ይላል፤ ውኃው በሙሉ ሱቁ ውስጥ ይገባል" አለች ለኃላፊዋ በስልክ።

"ክዳኑ ይሰበራላ!" አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

"መልሶ የሚሠራላቸውስ ማን ነው?"

"ቦዩ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የእኛ ገንዘብ ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የተሰበሰበ ነው፤ የሰው ደጅ አይሠራበትም። ሐምሌ ከገባ ደግሞ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ለከርሞ ይሰጡናል ብለሽ ታምኛለሽ?"

"አላምንም።"

"እንግዲያው ይሠራልዎታል በያቸው። ይስማሙ፤ ከዚያ እናያለን።"

ሀይፋ በመሥሪያ ቤቷ "ከዚያ እናያለን" የተባለ ነገር ታይቶ እንደማያውቅ ታውቃለች።

የመኪናው ሾፌር ወንድዬ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ኢንጂነር፣ እየቀዘቀዘ ነው እኮ! ትንሽ ከቆየን ማንጠፉ ቀርቶ በመጥረቢያ ልንፈልጠው ነው።"

ከኋላ የተሰለፉት ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን አባባሱት። "እናት! ቦዩን እንዲህ የምታይው ልታገቢው ነው እንዴ?" አለ አንዱ ሾፌር።

ወይዘሮ ሃጂራ ወደ ደጅ ወጡ። "ምነው ልጄ፣ ቆመሽ ቀረሽ?"

"እማማ ሃጂራ፣ ይህ ክዳን መሰበር አለበት። አለዚያ ክረምቱ ሱቅዎን ይሞላዋል።"

"ተሰብሮስ ሰው በምን ይገባል? የእኔ ደንበኛ አሮጊት ነው፣ ነፍሰ ጡር ነው። በአየር ይምጣ?" ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መልሳችሁ ትሠሩልኛላችሁ? እነሱን ተያቸው፤ አንቺ ንገሪኝ። አንቺ ካልሽ ይሰበር።"

በዚያ ቅጽበት ዘነበወርቅ ወዳለው ሆስፒታል የሚሄድ አምቡላንስ በጉድጓዶቹ ላይ እየተንገጫገጨ አለፈ። ሀይፋ እስኪርቅ ድረስ ተመለከተችው።

"ይሠራልዎታል" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነበር።

ክዳኑ ተሰበረ፤ ደለሉ ወጣ፤ ከመምሸቱ በፊት አስፋልቱ ተነጠፈ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሲወርድ ቦዩ ውኃውን በሚገባ ወሰደው፤ ሱቁ ውስጥ ጠብታ አልገባም። ክዳኑን ግን የሚሠራ ጠፋ። ሀይፋ የቦዩን ባለቤት መሥሪያ ቤት ስትጠይቅ "የሰበረው ይሥራው" ተባለች። ለኃላፊዋ ስታነሳ ደግሞ አቶ ቀለመወርቅ የአዲሱን ዓመት እቅድ እያገላበጡ "እናያለን አልኩሽ አይደል?" አሏት። ከዚያ ወዲህ በሱቁ ደጅ ላለማለፍ አንድ ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች።

ነሐሴ ላይ ግን ሄዳ እውነቱን ልትነግራቸው ቆረጠች። በሱቁ ደጅ፣ በሚንደረደረው ጎርፍ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ሳንቃ ተጋድማለች። በመስኮቱ የሚታዩት ጨርቆች ሰኔ ላይ በተደረደሩበት አኳኋን እንዳሉ ናቸው። ሀይፋ እግሯን ሳንቃው ላይ አሳርፋ ስታመነታ ወይዘሮ ሃጂራ አዩዋትና ወጥተው እጃቸውን ዘረጉላት።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ያዳልጣል። ባለፈው ጎረቤቴ ሰብሌ እዚሁ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ክዳኑን ልትለኪ መጣሽ፣ አይደል? ሰዉ አታለሉሽ ሲለኝ፣ እኔ ግን ያቺ ልጅ ትመጣለች እያልኩ ነው።"

ሀይፋ እጃቸውን ይዛ ሳንቃው መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እማማ፣ የሚሠራው የለም። ያን ዕለትም እንደማይሠራ አውቅ ነበር።"

ወይዘሮ ሃጂራ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። ውኃው ከእግሯ ሥር ይጋልባል።

"መጀመሪያ ተሻገሪ" አሉ።