ላስረክብ ነው የመጣሁት

ስልኩ ሲጮህ ጣሪያ ሠሪው ሁለት ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ሦስተኛውን ቆርቆሮው ላይ አቁሞ መዶሻውን አንሥቶ ነበር። የደወለችው የቀድሞ ሚስቱ መሆኗን ሲያይ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። እሷ በሥራ ሰዓት የምትደውለው ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያማት ወይም ከሰው ስትጣላ ብቻ ነው።

“ልጄ ምን ሆነች?” አለ ሰላምታውን ዘሎ።

“ምንም አልሆነች። አንተ የት ነህ?”

“ጣሪያ ላይ።”

“እንግዲያው ቀስ ብለህ ውረድ። ዛሬ ብትወድቅ ሀብታም የምሆነው እኔ ነኝ።”

የቀለደች መስሎት ሳቀ።

“ስቀህ ስትጨርስ ውረድና ደውልልኝ” አለችና ዘጋችው።

መሰላሉን በየቀኑ እየተንደረደረ ነው የሚወርደው። በዚያን ቀን ግን እግሩን በደንብ ሳያሳርፍ ሌላውን አላነሣም። መሬት ሲደርስ የእንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ መልሶ ደወለ።

የቀድሞ ሚስቱ ፀጉር ቤት አላት። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ እጇ የሰው ፀጉር ላይ ሆኖ እንደ ልቧ ማውራት ትችልበታለች። አሁንም የማድረቂያው ጩኸት ከኋላዋ እየተሰማ ነገረችው። ጠዋት ከኢንሹራንስ ድርጅት አንድ ወጣት ደውሎላት ነበር። የባለቤትዎ የሕይወት መድን ሳይከለስ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ በስልካቸው ብንደውል አይሠራም አላት። እሷም ባሌ አይደለም፣ ከተፋታን ስድስት ዓመት አልፎናል ብትለው ወጣቱ፣ “እኛ ጋ ግን ተጠቃሚ ተብለው የተመዘገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት” ብሏት እርፍ።

“እኔ ብቻ፣ ይሰማሃል? ልጃችን እንኳ የለችበትም። ስትፈርም መቼ ተወለደችና!”

ጣሪያ ሠሪው ያን ውል ከነመኖሩም ረስቶታል። ገና አዲስ ተጋቢ ሳሉ፣ እሱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የፈረመው። ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሂሳቡ በራሱ ይቆረጣል፤ ትንሽ ስለሆነም ልብ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወለደ፣ ተፋታ፣ ሥራ ቀየረ፣ እንደገና አገባ፣ ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ኑሮው ይህን ያህል ሲገለባበጥ ውሉ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

“በቃ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ” አለ።

“ዛሬ ነው የምትሄደው።”

“ይቺን ጣሪያ ዝናብ ሳይመጣ...”

“ስማኝ። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛዬ መጥታ ነበር። ባሏ ሲሞት የመድኑ ገንዘብ ለወንድሙ ሄደ። ሰውየው ሳያገባ የፈረመው ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ረስቶት ነው። እሷ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ፀጉሯን እያበጠርኩ የምላት ነው የጠፋኝ። እኔ ከሰው ሕፃን አፍ ነጥቄ ሀብታም መሆን አልፈልግም፣ ገባህ? ልጄም ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አለባት። ከምሳ በኋላ ከትምህርት ቤት አውጥቻት እመጣለሁ፤ ኢንሹራንሱ ቢሮ እንገናኝ።”

እሺ አለ። ችግሩ፣ ሲሄድ የትንሹን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ነበረበት። ወረቀቱ ያለው ቤት ነው። ቤት ደግሞ ሚስቱ አለች።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ለጊዜው የቀሩላት ተማሪዎች ሁለት ናቸው፤ ሕፃኑና ባሏ። ያለ ሰዓቱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱን አንድ ጊዜ አየት አድርጋ፣ “ምን ሰበርክ?” አለችው።

ቆሞ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ ሁሉንም ነገራት።

“ቆይ፣ በደንብ ይግባኝ” አለች ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን እየመታች። “አንተ ከጣሪያ ብትወድቅ የማለቅሰው እኔ፣ የምትቀበለው እሷ?”

“እንደ ውሉ... አዎ።”

“ከተጋባን ሦስት ዓመት ሙሉ!”

“ረስቼው ነው።”

“እኔ ደግሞ ትልቁ መርሳትህ ልደቴን መርሳትህ ይመስለኝ ነበር።” የሕፃኑን ጀርባ የምትመታበት እጅ ፈጠነ። ሕፃኑ ደስ ብሎት አገሳ። “ማን ነገረህ?”

“እሷ ናታ።”

“እሷ ራሷ?”

“ጣሪያ ላይ እያለሁ ደውላ።”

እጇ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሰላም ከመባባል አልፈው አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷ ልጅቷን ታደርሳለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ “ደኅና ነሽ?” “ደኅና”፣ በቃ።

“ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር” አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

“ማንም።”

ከዚያ ሕፃኑን ለባሏ አስታቀፈችው። “ያዘው፣ ጫማዬን ላድርግ።”

“ልትመጪ ነው?”

“ብቻህን ብልክህ የጎረቤታችንን ስም አስመዝግበህ ትመለሳለህ።”

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ከረባቱ የጠበቀው ቀጭን ወጣት ነው። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት ሰው፣ ሁለት ሴቶች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅና አንድ ሕፃን ተከታትለው ሲገቡ ከጎረቤት ክፍል ወንበር ለመበደር ሁለት ጊዜ ተመላለሰ።

“ባለቤትዎ...” አለና ሁለቱን ሴቶች አፈራርቆ አያቸው።

“እሷ ናት” አለች ፀጉር ሠሪዋ ፈጥና። “እኔ የድሮዋ ነኝ። ላስረክብ ነው የመጣሁት።”

ሚስቱ ሳቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ አልተዋጠላትም። ከአፍንጫዋ አመለጣት። ወጣቱም ኮምፒውተሩ ጀርባ ተደብቆ ሳቀ። ጣሪያ ሠሪውም ሳቀ።

“ሥራዎ የሱቅ ሽያጭ ነው ይላል” አለ ወጣቱ ስክሪኑን እያነበበ።

“አሁን ጣሪያ ነው የምሠራው።”

“ይሄንን ማወቅ ነበረብን። ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው ክፍያው ይጨምራል። የመድኑ መጠንም በዚያን ጊዜ ኑሮ የታሰበ ነው፤ ዛሬ ሁለት ልጅ አያሳድግም። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ ሥራ ሲቀይሩ ብቅ ብለው ቢያሳውቁን እዚህ ባልደረስን።”

አዲሱን ወርኃዊ ክፍያ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየው። ጣሪያ ሠሪው ራሱን አከከ።

“ትንሽ አይቀንሱልንም?” አለች ሚስቱ።

“እመቤቴ፣ ቋሚ ዋጋ ነው።”

“በገመድ ታስሮ ነው እኮ የሚሠራው፤ እሱ አይታሰብም?” አለች ፀጉር ሠሪዋ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። “ታስረህ ነው አይደል የምትሠራው?”

ሚስቱም ዞረች።

“አንዳንዴ” አለ።

“ከነገ ጀምሮ ሁልጊዜ!” አሉ ሁለቱም እኩል። ከዚያ ሁለቱም ደንገጥ ብለው እርስ በርስ ተያዩ፤ ፀጉር ሠሪዋ ቀድማ ፈገግ አለች።

“እከፍላለሁ፣ እከፍላለሁ” አለ ሰውየው እጁን አንሥቶ። “ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ሳይ የማወጣውን አያህልም።”

ልጅቷ ይህን ሁሉ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ስትሰማ ቆይታ፣ “አባዬ፣ ይሄ ነገር እንዳትሞት ያደርግሃል?” አለችው።

“አያደርግም፣ የኔ ቆንጆ።”

“ታዲያ ምን ይሠራል?”

ሰውየው መልስ ሲፈልግ ሚስቱ ቀደመችው። “አባትሽ ባይኖር አንቺ ከትምህርት ቤትሽ፣ ወንድምሽ ከወተቱ እንዳትለዩ ያደርጋል።”

ልጅቷ አሰበችበት። “ቢኖር ይሻላል” አለች።

“እኛም እሱን ነው የምንለው” አለች እናቷ፣ ልጇን ወደ ራሷ ስባ ግንባሯን እየሳመች። ቶሎ ብላ ሕፃኑን ከሰውየው ክንድ ላይ ወሰደችው። “እናንተ ፈርሙ፣ እኔ ልያዝላችሁ።”

ድርሻው ተደለደለ፤ ግማሹ ለሚስቱ፣ የቀረው ለሁለቱ ልጆች እኩል።

“ከዚህ ትንሽዬ ጋር እኩል?” አለች ልጅቷ። “እሱ እኮ ማንበብ እንኳ አይችልም።”

“ስትደርሱ አብራችሁ ታነባላችሁ” አለ አባቷ።

ልጆቹ አካለ መጠን እስኪደርሱ ድርሻቸውን የሚይዝላቸው ሰው መጠቀስ ነበረበት። የልጅቷን እናቷ፣ የሕፃኑን እናቱ። ይሄም አለቀ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። “ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። አይበለውና፣ እናንተ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ብትጎዱስ? የሕፃኑን ድርሻ ማን ይያዝለት?”

ባልና ሚስት ተያዩ።

“ወንድሜ...” አለ ሰውየው።

“ወንድምህ በሳምንቱ መኪና ይገዛበታል።”

“እሱስ እውነትሽን ነው። እህትሽስ?”

“እህቴ ደግ ናት። ግን ለለመናት ሁሉ እየሰጠች ልጄ ሳያድግ ትጨርሰዋለች።”

መስኮቱ አጠገብ ፀጉር ሠሪዋ ሕፃኑን ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ እያደረገችው ነበር። በእጇ ስንት ሰው ያለፈ ባለሙያ ናትና ራሱ ላይ የበቀለችውን ጥቂት ፀጉር በጣቷ ለሁለት ከፍላ አስተኝታለታለች። “ከኋላ ሳሳ ብሏል፣ ግን አይዞህ፣ እናበቅልልሃለን” ትለዋለች። ሕፃኑ ጥርስ በሌለው አፉ ይስቃል፤ እህቱ ከሥር ሆና እግሩን ትኮረኩረዋለች።

ሚስቱ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ባሏ ምን እያሰበች እንደሆነ ገብቶታል። ይህን ግን እሱ ሊለው አይችልም።

“እህቴ” አለች ሚስቱ በመጨረሻ። ፀጉር ሠሪዋን እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። “መታወቂያሽን ይዘሻል?”

“ይዣለሁ። ምነው?”

“ለልጄ ያስፈልገኛል።”

ፀጉር ሠሪዋ ወዲያው አልገባትም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት፣ ቀጥላ የሚስቲቱን ፊት፣ ቀጥላ ደግሞ ክንዷ ላይ ያለውን ሕፃን አየች። ከዚያ ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

“እጄ ተይዟል” አለች። “ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ራስሽ አውጪው።”

ሚስቱ ተነሥታ ሄደች፣ ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አነሣችና ዚፑን ከፈተች።