ጠፈርተኛው ሲተረጉም

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ግን ጠፈርተኛው ይለዋል። አውሮፕላን ላይ እንኳን ወጥቶ አያውቅም። መሰላል ላይ ሲወጣ ራሱ እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ። የሆነ ቦታ ሮኬት ሊተኮስ ነው ከተባለ ግን ስልኩን ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ጋር ያገናኝና ሥራውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ደንበኞቹ ለምደውታል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ለዚሁ ብለው ነው የሚመጡት። ስርጭቱ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሱ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ተጥዶ እያደረ ቋንቋውን ለምዶታል። ስለዚህ አስተላላፊው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ማበጠሪያውን እንደ ማይክ አፉ ላይ ደቅኖ ይተረጉምላቸዋል። ቤቱ አንድ ሕግ አለው፦ የሮኬቱ ቆጠራ ሲጀመር መቀስም ምላጭም ይቀመጣል። ሕጉ የወጣው አንድ ቀን በደስታ ብዛት የአንድ ደንበኛውን፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ጆሮ ጫፍ ቆርጦ ካደማው በኋላ ነው። ሾፌሩ ጠባሳውን እስከ ዛሬ ለመጣ ለሄደው ያሳያል። "ከሮኬት አደጋ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ" ይላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክፍሌ ከፀጉር ቤቱ ጋር በበር ስለሚገናኝ ወደድኩም ጠላሁም ሁሉንም እሰማለሁ። እውነቴን ነው፣ ሮኬት ያናድደኛል። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ምን ቆርጦት ነው ስለ ጨረቃ የሚያወራው? እንዲህ ስለው ይስቃል። ልጃችንን ያስለከፋትም እሱ ነው። ገና አፏን ሳትፈታ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሄንኑ ያሳያት ነበር። አሁን ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር የጫማ ካርቶን የምታክል ሳተላይት ሠራች። የእረፍት ጊዜዋን ሁሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጨረሰችው። ናፍቃኝ ስቆጣት፣ "እማዬ፣ ይቺ ነገር ወጥታ አንዴ ድምፅዋን ካሰማችን ከዚያ በኋላ እግርሽ ሥር ነው የምቀመጠው" ትለኛለች።

ያቺ ሳተላይት በሮኬት ተጭና የምትወጣበት ቀን ደረሰ። እኔም የስፌት መኪናዬን ትቼ፣ ክሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆምኩ። ቆጠራው ሲጀመር ወንበሩ ላይ የነበረው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

"ጋሼ፣ ይቺን ጉንጬን ብቻ ጨርስልኝ" አለ።

"ሕግ ሕግ ነው" አለ ባሌ፤ ምላጩን አስቀመጠ።

ሮኬቱ ተነሳ። እኔ በሮኬት የማላምን ሴትዮ እንኳን በቁሜ ጸለይኩ። ባሌ ማበጠሪያውን ይዞ ይለፈልፋል። "ግፊቱ ጥሩ ነው አለ… የመጀመሪያው ክፍል ተላቀቀ… ሁለተኛው ሞተር ተነሳ!" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሾፌሩማ ባርኔጣውን ወርውሮ መብራቱ ላይ ሰቀለው።

ባሌ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ሮኬት ያስተማረኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት። "ከቴሌቪዥኑ ታች ጥጉ ላይ ያለችው ቁጥር ፍጥነቱ ናት። ሞተሩ እየሠራ ሳለ መጨመር አለባት። እዚያ ላይ መቀነስ ከጀመረች፣ በቃ፣ አልቆለታል" ብሎኝ ነበር።

አስተላላፊው ድምፁን ሳይቀይር አንድ ነገር ተናገረ። ባሌ ሊተረጉም አፉን ከፈተና ዝም አለ። ቁጥሯን አየኋት። እየቀነሰች ነበር።

"ምን አለ?" አለ ሾፌሩ።

ባሌ ዞር ብሎ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። አላውቅ መስሎታል። በሩ ላይ ክሩን ጨብጬ ቆሜ ሲያየኝ አንጀቱ አልቻለም መሰለኝ።

"ሁሉም… ሁሉም እንደታቀደው እየሄደ ነው አለ" አለ።

ስንት ዓመት ሲተረጉም አንድ ቃል ጨምሮ የማያውቅ ሰው! ሰዉ አመነው፤ ለምን አያምነው? ዳቦ ጋጋሪው ከነአረፋው ተነስቶ አቀፈው። ሾፌሩ እየጨፈረ መጥቶ እኔን ጨበጠኝ። "የልጅ እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ!" ሲለኝ አሜን አልኩት።

ይሄኔ ስርጭቱ ተቋረጠና ቴሌቪዥኑ ላይ በትልቁ "ሚጡዬ" የሚል ስም መጣ። ልጃችን ስልኩ ላይ እየደወለች ነው። ባሌ አላነሳም። ቆሞ ስሟን ያያል።

"አንተ ጠፈርተኛ፣ አንሳ እንጂ!" አለ ሾፌሩ፤ አላስችል ሲለው ራሱ አንስቶ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አባዬ! እዚህ አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔቱ ጠፍቶብን አብደናል። ሁለተኛው ሞተር ከተነሳ ወዲህ ምንም አላየንም። አንተ እያየህ ነው አይደል? ምን አሉ?"

ባሌ አፉን እስኪከፍት ማን ጠብቆ! "እንኳን ደስ አለሽ!" ብለው ሁሉም ባንድ ላይ ጮሁ። "ወጥታልሻለች! አባትሽ አሁን ነው የነገረን!" አለ ሾፌሩ፤ እንባው እስከ አገጩ እየፈሰሰ።

ከዚያ "ወጥታለች! አባዬ ወጥታለች አለ!" የሚል ጩኸቷ መጣ፤ የጓደኞቿ እልልታ፣ የሚወድቅ ወንበር፣ ስቅስቅ ብሎ የሚያለቅስ ሰው። ልጄን እንዲያ ስትደሰት ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ነጥቄ መዝጋት ፈለግሁ። ዘግቼስ? ምን ሊጠቅማት? በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

"ሚጡዬ" አለ ባሌ። አልሰማችውም። "ሚጡዬ፣ ስሚኝ…"

"አባዬ፣ እየጮሁ ስለሆነ አይሰማኝም! ቆይ፣ በድምፅ ማጉያው ላድርግህና ራስህ ንገራቸው። ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ፣ አባቴ ሊናገር ነው!"

እዚያ አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም ቤት ጸጥ አለ። የዳቦ ጋጋሪው አረፋ አገጩ ላይ ደርቋል። ባሌ ወደ እኔ ዞረ፤ አሁን እንደማውቅ ገባው። ለመነኝ በዓይኑ። የማደርግለት ምንም አልነበረኝም።

በልማዱ ማበጠሪያውን ወደ አፉ አስጠጋ።