የባዝቃ ጭስ

ሲታና በሺርን ካገባች አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዚያ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። ሦስቱንም ጊዜ የደረስኩላት እኔ ነኝ፤ ከአቡ ሐመድ ወዲያ ባለው መንደራችን ሌላ አዋላጅ የለም። አማቷ ሐጃ ፋጡማ ሰው ፊት ሳይቀር "የልጄ ሚስት ማህፀን ወንፊት ነው" ትላት ነበር።

አራተኛው ፅንስ አምስት ወር ሲሞላው ላያት ሄድኩ። ማድ ቤቱ ተዘግቷል። ከፍቼ ስገባ በሺር የከሰል ምድጃው ላይ መጥበሻ ጥዷል፤ ሲታና አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታራግብለታለች። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

"ምንድን ነው የጣዳችሁት?"

"ወርቅ ነዋ!" አለ በሺር። "ባዝቃው፣ ይሄ እንደ ውሃ የሚፈሰው ብር መሳይ፣ ከአፈሩ ውስጥ ለቅሞ ይሰበስበዋል። እሳት ሲነካው እሱ ይተንና ወርቁ ብቻውን ይቀራል።"

አትባራ ለአዋላጅነት ሥልጠና በሄድን ጊዜ የባዝቃ ጭስ ፅንስ እንደሚገድል የነገሩን ትዝ አለኝ።

"ልጆቻችሁን የጨረሰው ይሄ ነው! በሉ ቶሎ አውጡት!"

"አውጥቶ ለሌባ ያሳየው?" አለች ሐጃ ፋጡማ ከበሩ ላይ ሆና።

"እኔ ከሷ ይበልጥ እምገው የለም እንዴ? ምን ሆንኩ?" አለ በሺር።

"አንተ አታረግዝማ!"

ሲታና ሳቀች። በዚያ ቤት ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሺር አፈረ መሰለኝ፣ ምድጃውን ከግቢው ውጭ አወጣው። ልጁም ይራገጥ ጀመር፤ ሲታና በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዛ ሆዷ ላይ ታሳርፈዋለች። ሰባተኛው ወር ላይ ግን የአሸዋ ማዕበል ተነሣ። ነፋሱ ከሰሉን እየበተነ ሲያስቸግረው በሺር "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብሎ ምድጃውን ማድ ቤት መለሰው። በአሥረኛው ቀን ልጁ መንቀሳቀሱን ተወ።

ሴት ነበረች፣ ጸጉራም። አጥቤ ሳስታቅፋት ሲታና አላለቀሰችም። የሕፃኗን ጣቶች ብቻ ስትዳብስ ቆየች።

ሁለት ወር ሳይሞላ በሺር ኢሕሳን የምትባል ልጅ አገባ። ሲታና ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ በእኔ በኩል አለፈች።

"አክስቴ፣ ስለ ጭሱ ለልጅቷ አንቺ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ቅናት ነው የሚመስላት።"

ሄጄ ነገርኳት። የሠርጓ ሂና ከእጇ ገና አልለቀቀም።

"ሲታና ናት አይደል የላከችዎት?" አለችኝ፤ ሻይ ልትቀዳልኝ ተነሣች።

ከረመዳን በኋላ ሐጃ ፋጡማ ራሷ እየሮጠች መጣች። ኢሕሳን ደም እየፈሰሳት ነበር። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

"ይቺኛዋም?"

ኢሕሳንን አተረፍናት። ፅንሱን በሺር ቀበረው። የወርቁን ሥራ አልተወም፤ ምን ይብላ? አሁን ግን ባዝቃውን የሚያተነው በረሃው ውስጥ ርቆ ሄዶ ነው። ኢሕሳን እስከ ዛሬ ዳግም አላረገዘችም።