በወረቀት የተለቀሰ ልቅሶ

ይርሳው ደባሱ አንድ ነገር እንደተደበቀበት የጠረጠረው ቤኒ «ውሸታም!» ሳይለው የቀረ ዕለት ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር፤ ቂርያት ማላኪ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሱቅ ደጅ። ይርሳው እንደ ልማዱ ያንን የውሃ ቦቴ በወሬ ከገደል ወደ ገደል ያንከባልለዋል። ቦቴው ከተገለበጠ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን እንደ ደህና በሬ በየዓመቱ ይሰባል። ለፋሲካ አሥራ ሁለት ቶን የነበረው ውሃ ለሰግድ በዓል አሥራ ስድስት ገብቷል። ገደሉም አብሮ እየጠለቀ ሄዶ፣ ከታች ሆኖ ቀና ያለ ሰው በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ይቆጥርበታል። ቤኒ ጎረቤቱ ነው። የሚሠራው ፕላስቲክ ፋብሪካ ነው፤ ዋና ሙያው ግን ይርሳውን ማጋለጥ ነው። ሁልጊዜም «ውሸታም! አራት ቶን የምትይዝ አሮጌ ቦቴ ነች፤ ፎቶዋን አይቻለሁ!» ይለዋል፤ ሱቁ በሳቅ ይናጣል።

«ሃያ ቶን!» አለ ይርሳው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። «ሃያ ቶን ውሃ እላዬ ላይ! ዓሣው ሁሉ ሳይቀር!»

ቤኒ ጫማውን አየ። «አዎ፤ ሃያ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

ማንም አልሳቀም። ባለሱቋ የአማርኛውን ሬዲዮ ዘጋችው። ይርሳው ጣቱን እዚያው ሰማይ ላይ ሰቅሎ ቀረ።

ሐሙስ ደግሞ ያቭኔ ላይ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን የሚያጣራ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ነገሩ እንዲህ ነው። ይርሳው በሠራዊቱ ውስጥ ቋሚ ሾፌር ነበር። ቦቴው ሲገለበጥ ዳሌውና ወገቡ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያስቀምጡት ኖረው፣ አምና በአካል ጉዳት ጡረታ አሰናበቱት። ፋይሉ ሲከፈት ግን ወገቡ በተሰበረበት ሰኞ አንጻር አንዲት መስመር ተጽፋ ተገኘች፦ «በፈቃድ ላይ፤ የአባቱ የደባሱ ሐዘን።» በወረቀቱ መሠረት ይርሳው ያን ቀን እቤቱ ተቀምጦ አባቱን እያለቀሰ ነው፤ ወገቡን የሰበረው ምናልባት የገዛ አልጋው ይሆናል። የቦቴዋ መዝገብም የሾፌሩን ስም ቦታ ባዶ ትቶታል። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው መኪና አያወጣማ!

መስመሯ ግማሽ እውነት ነች። አባቱ እዚህ አገር ለመግባት ጎንደር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ በዚያ ሳምንት ሞተዋል። ወሬው የደረሰው ገዴራ ለሚኖሩት ለአባቱ ወንድም፣ ለአያ ጀምበሬ ነው። አያ ጀምበሬ የአገራቸውን ወግ ያዙ። መርዶ እንደ ድንጋይ በስልክ አይወረወርምና ለአዛዡ ለያሪቭ ደውለው ለመኑት፦ «ፈቃዱን ጻፍለት፤ ለልጁ ግን እንዳትነግረው። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ራሴ አረዳዋለሁ።» ያሪቭም ደግ ሰው ነበር። እሑድ ፈቃዱን ጻፈ፣ አፉን ዘጋ፣ ሰኞ ጧት ይርሳውን ከስልክ ይራቅ ብሎ ውሃ አስጭኖ ላከው። ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከች አሉ፤ የደረሱት ግን ሆስፒታል ነው። የተሰበረ ሰው መርዶ አይረዳም ብለው ደግሞ አርባ ቀን ደበቁት። ይርሳው አባቱን ያለቀሰው አገር ሁሉ አልቅሶ እንባውን ከጠረገ በኋላ ነው።

ያሪቭ ዛሬ «አላስታውስም» ብሏል። የቀሩት ምስክር አያ ጀምበሬ ብቻ ናቸው። ጠበቃዋ ማዕያንም ቁርጡን ነግራዋለች፦ «ሰውዬውን ይዘሃቸው ና። መምጣት ካልቻሉ በመሐላ የፈረሙትን ቃልና ያልመጡበትን ምክንያት አምጣ። አንድ የሐሰት ቃል ከተገኘብህ ግን ፋይሉ ይዘጋል፤ ሁለተኛ አይከፈትም።»

«አንድ ሰው ብቻ? የገዴራን ግማሽ አመጣልሻለሁ!» ብሏት ነበር።

ከሱቁ እንደተመለሰ በአያ ጀምበሬ ሞባይል ደወለ። ያነሳችው የአያ ጀምበሬ ልጅ ሸዋነሽ ነች።

«እታለም፣ አያን አቅርቢልኝ።»

«ተኝተዋል።»

«ትናንትም ተኝተው ነበር እኮ።»

«ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? ይተኛሉ።»

ከኋላዋ ብዙ ሰው ዝም ሲል ተሰማው። ብዙ ሰው ሲያወራ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ዝም ሲል የሚሰማው ግን መርዶ የሚያውቅ አገር ልጅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሚስቱን ጠጅቱን ፈተናት። ጠጅቱ ከእሑድ ጀምሮ «የወለደች ልጠይቅ» እያለች በየቀኑ ጋን ያቭኔ ትመላለሳለች፤ ወላዷ መንታ ሳይሆን መንደር ሙሉ የወለደች ይመስላል።

«ታስታውሻለሽ አይደል?» አላት። «ሠላሳ ቶን ነበር።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ወሬህን ለቦቴህ ንገራት» ስትለው የኖረች ሴት ዳቦውን ወደሱ ገፋ አደረገች። «እግዚአብሔር አተረፈህ» አለችው።

ቢጠይቃት ትነግረዋለች፤ ከነገረችው ደግሞ እውነት ይሆናል። አልጠየቃትም። ተነስቶ የገዴራን አውቶቡስ ያዘ።

ጠጅቱ ደውላ ኖሮ ሸዋነሽ ከሱ ቀድማ ደርሳለች። በሩን ስትከፍት ከዓሥር አገር እንደሮጠ ሰው ታለከልካለች። አየሩ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፤ እሷ ግን አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች። ቤቱ ወና ነው።

«አያስ?»

«ሆስፒታል ገብተዋል። ለምርመራ ነው፤ ምንም አይደል።»

«እሄዳለኋ።»

«አይቻልም፤ ሰው አያስገቡም። አንተ ቁጭ በል፣ ብላ።» ለአምስት ሰው የሚበቃ ምግብ ፊቱ ደረደረች፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። «ወረቀቱን ባለፈው ሐሙስ እዚህ ጠበቃ ጋ ሄደው ፈርመውልሃል። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ነገ ጧት ጠጅቱ ትሰጥሃለች። ለምን አልመጡም ካሉህ፣ ደኅና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው በላቸው። ቤሰደር?» አለችው፣ እሺ ለማለት በዕብራይስጥ።

«ቤሰደር» አለ ይርሳው።

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ የአያ ጀምበሬን ከዘራ አየ። ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ያ ከዘራ ከሽማግሌው እጅ ተለይቶ አያውቅም፤ መኝታም፣ ሽንት ቤትም፣ ጸሎት ቤትም አብሯቸው ይሄዳል። አሁን ብቻውን ነው። ከዘራው ይርሳውን ያየው መሰለው።

ተነስቶ ወጣ። ሦስት ፎቅ ነው፤ በዚያ ዳሌ ግን ሠላሳ ፎቅ ነበር። ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ሐሙስ እስኪያልፍ እንደሚደብቁት ገባው፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን እንደሚያንኳኩ ገባው። ነገ ግን እሱ ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ደኅና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው» ይላል። እነሱም የሕዝብ መዝገብ ያያሉ፤ መሞታቸውን ያገኙታል። አንድ የሐሰት ቃል፣ ብላለች ማዕያን።

ደረጃውን መልሶ ወጣው። ሸዋነሽ በሩን ገና አልዘጋችውም።

«አርጂኝ» አላት።

«ምን?»

«መርዶዬን ስጪኝ። አያ ያለ ከዘራቸው ሆስፒታል አይገቡም።»

ሸዋነሽ ሻሿን ይዛ ቀረች። ሻሹ ሲፈታ ከሥሩ የቀሚሷ አንገት ለልቅሶ ተቀዶ ታየ።

«ሰንበት ሲወጣ ነው» አለች ወለሉ ላይ እየተቀመጠች። «ቅዳሜ። ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ‹ጉዳዩ እስኪያልቅለት እንዳትነግሩት፣ አንዴ አጥፍቼበታለሁ› አሉ። ልቅሶውን ጋን ያቭኔ ወንድሜ ቤት አደረግነው፣ አንተ እንዳትሰማ ብለን። ለአንተ ብለን ነው፣ ወንድምዓለም!»

«ያኔም ለኔ ብላችሁ ነው!» ድምፁ ሕንጻውን ከመሠረቱ ነቀነቀው። «ያኔ ባልተቀመጥኩበት ልቅሶ አስቀመጣችሁኝ። ነገ ደግሞ የሞተ ሰው በሕይወት አለ ብዬ እንድፈርም ልትሰዱኝ? አንድን ሰው ስንት ጊዜ በደግነት ትገድሉታላችሁ?»

ከዚያ በሩ ላይ ተንበርክኮ «አያዬ!» አለ። ያን ቀን ገዴራ ውስጥ የቆሙ መኪናዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያቸው ጮኸ ቢባል አይጋነንም።

ሐሙስ፣ ያቭኔ፤ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ሰዎችና አንድ ጸሐፊ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ነች። ይርሳው የሸሚዙን አንገት ቀዶ ገብቷል። ማዕያን ቅዳዱን አይታ ምን ሆንክ ልትለው አፏን ስትከፍት ስሙ ተጠራ።

«ምስክሩ የት አሉ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይርሳው ምላሱ ላይ አርባ ቶን ዝግጁ ነበረው። «ሞተዋል» አለ። «ቅዳሜ። እኔ የሰማሁት ትናንት ነው።»

«አጎትህ እዚሁ ገዴራ ሞተው፣ አንተ ቂርያት ማላኪ ሆነህ የሰማኸው ከአራት ቀን በኋላ?»

«አዎ። ሚስቴም ታውቅ ነበር፣ ጎረቤቴም ያውቅ ነበር፣ ሱቁም ያውቅ ነበር። እኛ እንዲህ ነን። ከባድ ነገር ፊትህ ካለ አይነግሩህም።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወረደች። የተፈረመውን ወረቀት አነበበች፣ ደግማም አነበበች። አያ ጀምበሬ ብዙ አላሉም፦ «ልጁን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ያን ሰኞ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ነበር፤ አባቱ መሞቱን አያውቅም። ልቅሶውን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።» ሦስቱ ተያዩ። ወራት ሙሉ አላምን ያሉት ይኸንን ነበር፤ አባቱ የሞተበት ሰው፣ ዙሪያው ሁሉ እያወቀ፣ እንዴት ምንም ሳይሰማ መኪና ሲነዳ ይውላል? አሁን ያ ሰው የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ ፊታቸው ቆሟል።

«ቦቴው ስንት ቶን ነበር?» አለ ከጎኗ ያለው ሰው።

«አራት» አለ ይርሳው። ማዕያን ወደሱ ዞራ አየችው።

እንዲጠብቅ ወደ ኮሪደሩ አስወጡት። ሲጠሩት ጸሐፊው ስክሪኑን ወደሱ አዙሮ ነበር። «ተቀብለናል። ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ‹በሥራ ላይ፣ ጉዳት በአገልግሎት ምክንያት› ተብሎ ይገባል። እዚህ ፈርም።»

ይርሳው መስመሯን አያት። «የአባቴ ስም ግን ይቆይ። እሱስ እውነት ነው፤ ሞቷል።»

«ፈቃዱ ከተሰረዘ ምክንያቱም አብሮ ይሰረዛል» አለ ጸሐፊው። «ቦታው አንድ ነው።»

ደባሱ በዚህ አገር ቤት የላቸውም፣ መታወቂያ የላቸውም፣ መቃብር የላቸውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስማቸው የተጻፈው በዚች መስመር ላይ ብቻ ነበር። ይርሳው ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም በጣቱ ነካው። ከዚያ ፈረመ። ጸሐፊው አንድ ቁልፍ ነካ፤ የደባሱ ስም ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ከያቭኔ ጋን ያቭኔ ቅርብ ነው፤ ማዕያን በመኪናዋ ልቅሶ ቤቱ ደጅ አወረደችው። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ፍራሹ ላይ ከሸዋነሽ ጎን ተቀመጠ፣ ለሁለቱም፣ ለአያ ጀምበሬም ለአባቱም። ጠጅቱ ራቅ ብላ ዓይኑን እየሸሸች ተቀምጣለች።

«ተስተካክሏል» አለ። ሴቶቹ ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ደግሞ ዝም አሉ።

ማን ይጎድላል? ፊቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። እቤቷ የቀረችው እናቱ ትናንት ሲደውልላት ታስል አልነበር? ወይስ ሌላ ሴት ነበረች ያነሳችው? ከእንግዲህ ሰው ዝም ባለ ቁጥር እንዲህ ሊቆጥር ነው? ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ ብሎ፣ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረ።

«አርባ ቶን ነበር።»

አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠጅቱ መሬቱን አየች።

በሩ ላይ ቤኒ የሻይ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ተሸክሞ ቆሟል። አንዴ ጠጅቱን፣ አንዴ ይርሳውን አየ።

«ውሸታም!» አለ በመጨረሻ። «አራት ቶን የምትይዝ አሮጌ ቦቴ ነች፤ ፎቶዋን አይቻለሁ!»

«ኧረ በልቅሶ ቤት፣ አንተ ልጅ!» ብለው ሴቶቹ ተቆጡት።

ይርሳው ግን ጀርባውን ግድግዳው ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተዉት» አለ። «ቤኒ፣ እስቲ ድገመው።»