ሙቀት የፈታው ደም

ጠጉሯ ገብስማ ሆኗል፤ ሆስፒታሉ ግን ከዘበኛ እስከ ዳይሬክተር የሚጠራት "ሚጡ" እያለ ነው። ጥፋቱ የታላቅ እህቷ ነው። አንድ ቀን ልትጠይቃት መጥታ ኮሪደሩ ላይ በሙሉ ድምፅ "ሚጡዬ!" ብላ ከተጣራች ወዲህ የላብራቶሪው ኃላፊ ሌላ ስም ኖሯት አያውቅም። ታላቅየዋም አላመለጠችም። የሰዋስው አስተማሪ ናት፤ ቃልን በየቁራጩ፣ በየምዕላዱ ፈታትታ መልሳ ስትቀጣጥል ደወል አይሰማትምና ተማሪዎቿ "እትዬ ምዕላድ" ይሏታል።

እህትማማቾቹ በአንድ ነገር ሲነታረኩ ነው የኖሩት።

"እኛ ዘንድ መጣበቅ ጸጋ ነው" ትላለች ታላቅየዋ። "'ስላልመጣችልኝ' በይ እስቲ። ምክንያቱ፣ እምቢታው፣ መምጣቱ፣ እሷ፣ እኔ! አምስታችን አንድ ቃል ላይ ተጣብቀን!"

"እኛ ዘንድ ደግሞ መዘዝ ነው" ትመልሳለች ሚጡ። "የማይስማማ ደም ሲገናኝ ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጎላሉ። ያንን ደም የሰጠሽው ሰው አለቀለት።"

በአንድ ብርዳም ወር እትዬ ምዕላድን ክፉ ሳል ያዛት። ሳሉስ ለቀቃት፤ ድካሙ ግን ባሰባት። ፊቷ ገረጣ፣ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ጠመኔ እንደያዘች ዝልፍልፍ አለች፤ ባልደረቦቿ ደግፈው ሆስፒታል አመጧት።

"ደሟ አልቋል፤ ቶሎ ይዘጋጅላት" አለ ሐኪሙ። ታይፎይድም እንዳይሆን ብሎ አስመረመራት።

ሚጡ ከእህቷ ደም የተለየውን ፈሳሽ ከታይፎይድ ጀርም ጋር ሳህን ላይ ቀላቀለችው። በሽታው ቢኖር ጀርሞቹ ተያይዘው ይጓጎሉ ነበር። ጠብታው እንደ ስስ ወተት ሆኖ ቀረ። ታይፎይድ አይደለም።

ከዚያ የሚሰጣትን ደም ልታመሳክር ተቀመጠች። የመጀመሪያው ከረጢት ደም ከእህቷ ደም ጋር ተጓጎለ። ሁለተኛውም ተጓጎለ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሁሉ አልስማማ አለ። ጭራሽ የእህቷን ደም ማንም ሳይነካው፣ ቱቦው ውስጥ ብቻውን እንደ ቀይ አሸዋ ሆኖ አገኘችው።

"ረግቷል፤ ሌላ ይቀዳ" አለ ባልደረባዋ።

ሚጡ ቱቦውን አዘነበለችው። "የረጋማ ቢሆን እንደ ጉበት ባንድ ላይ ይንሸራተት ነበር። ይሄ ሌላ ነው።" ቱቦውን አስቀምጣ ብድግ አለች። የስንቱን ደም ስትመረምር ኖራ ሥራዋን ጥላ ተነሥታ አታውቅም፤ ይሄ ግን የእናቷ ልጅ ደም ነው።

ወደ መኝታ ክፍሉ ስትሮጥ ሐኪሙ የእህቷን ጣቶች እያገላበጠ ሲያይ ደረሰች። ጫፋቸው ወይን ጠጅ መስሏል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናሉ?" አላት ሕመምተኛዋን።

"በቀዝቃዛ ውሃ ስታጠብ ነው የሚብሰው። ጓንት ሳጠልቅ ይተወኛል።"

ሐኪሙና ሚጡ ተያዩ።

"ብርዱ!" አለች ሚጡ። "ደሟ ቱቦው ውስጥ ብቻውን የተጓጎለው በብርዱ ነው!"

"ብርዱ ነዋ!" አለ ሐኪሙም። "ደሙን አሙቀው ይዩት እስቲ!"

ላብራቶሪው እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ቱቦውን ሙቀቱ የሰው ገላ በሚያህል ውሃ ውስጥ አቆመችው። ጥቂት ጠበቀች። አውጥታ ቀስ ብላ ብታዘነብለው አሸዋው የለም! ደሙ ለስልሶ፣ ቀልቶ፣ ወዲያና ወዲህ ፈሰሰ። በማይክሮስኮፕ ብታየው ሴሎቹ ተላቅቀው እያንዳንዱ ለብቻው ይንሳፈፋል። ሳይበርደው ከከረጢቶቹ ደም ጋር ሞከረችው፤ አንድም የተጓጎለ የለም።

"ተላቀቁልኝ!" ብላ ስትጮህ ባልደረባዋ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ከወዲያኛው ክፍል ሳይቀር አጨበጨቡ።

ደሙ በማሞቂያ ውስጥ እያለፈ ይሰጣት ጀመር። ሐኪሙ ራሱ መስኮቱን ዘግቶ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላት። "ሳሉን ሲዋጋ ሰውነትዎ የሠራው መከላከያ ነው" አላት። "ሲበርደው የራስዎን ሴሎች ያያይዛል፤ ደምዎን የጨረሰውም እሱ ነው። ከሳሉ የመጣ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይጠፋል።"

እትዬ ምዕላድ ዓይኗን ወደ እህቷ መለሰች። "ደሜ ተጣብቆ ተጣብቆ ምን የሚል ቃል ሠራ?"

"'አስደነገጥሽኝ' የሚል!" አለች ሚጡ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ጎሽ። ቆራርጪልኝ እስቲ።"

"አርፈሽ ተኚ!"

የእትዬ ምዕላድ ጉንጭ ቀስ እያለ ቀላ። በማግስቱ ሾርባውን ጠጥታ ጨርሳ ሌላ ጠየቀች፤ የነርሷን አነጋገር አረመች፤ ነርሷም "ይቺ ድናለች፣ ውሰዱልን!" ብላ አሳቀቻቸው።

የወጣች ዕለት በሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያቀርቡላት "ለማን ነው?" ብላ አለፈችው። ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። እጇን እያወዛወዘች የእግረኛውን መንገድ ተያያዘችው፤ ሚጡ ሁለት ቦርሳ ታቅፋ እያለከለከች ከኋላ ከኋላ ትከተላለች።

"ኧረ ቀስ በይ፣ እትዬ!"

"አንቺ ፍጠኚ እንጂ!" አለችና መንገዱን ተሻገረች።