ዝም ካልኩ ቁም

ታናሽ ወንድሜ በቀኝ እጁ ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው፤ አውራ ጣቱና ትንሿ። ሦስቱን በዓለም በቁመት አንደኛ በነበረው ሕንፃ ጫፍ ላይ ትቷቸው ወርዷል። ሰው ሲጠይቀኝ ጥፋቱን ሁሉ በአለቃችን ላይ እደፈድፈዋለሁ። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለምና ብዙ አልዋሸሁም።

ያን ጊዜ የክሬን ምልክት ሰጪ ነበርኩ። ክሬኑን የሚነዳው ሰውዬ፣ አሞራው የምንለው፣ ካቢኑ ውስጥ ሆኖ የሚያወርደው ብረት የት እንደሚያርፍ አያይም። ዓይኑ እኔ ነኝ። በሬዲዮ "ውረድ፣ ውረድ፣ ውረድ" እያልኩ ሳላቋርጥ እናገራለሁ። ድምፄ እስካለ ድረስ ያወርዳል፤ ዝም ካልኩ ይቆማል። ሬዲዮ ቢበላሽ፣ ምልክት ሰጪው ራሱ ድፍት ቢል፣ ዝምታ ሰው አይገድልም ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። "አንሣ" ማለት የሚችለው ግን ምልክት ሰጪው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢጮህ አሞራው አያነሣም።

አለቃችንን ሜትር ነበር የምንለው። ከሰው ሲተዋወቅ እንኳ መጀመሪያ ቁመቱን ነበር የሚያየው። ከባሕር ማዶ ሌላ ሕንፃ ሽቅብ እየወጣ ነበር። የእኛ የመጨረሻዋ ሹል ጫፍ፣ ዘጠኝ ቶን ብረት፣ ቦታዋ ላይ ከተቀመጠች በስድስት ሜትር እንበልጣቸዋለን። ካልተቀመጠች በሦስት ሜትር እንበለጣለን። ሜትር ለዚህች ለስድስት ሜትር ሲል እንቅልፍ አጥቶ ከረመ።

የዓለም ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ለኪ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ መሣሪያውን ተክሎ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን አለበት። ካሜራ የያዙት ደግሞ እኛ ዘንድ ናቸው። ሜትር ጠዋት ጆሮዬ ሥር መጥቶ "ዛሬ ካለፈልን ነገ ነጭ ሄልሜት ታደርጋለህ" ብሎኛል። ነጭ ሄልሜት የፎርማን ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመት ቢጫ አድርጌያለሁ። ሚስቴማ በስልክ ብነግራት ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ወንድሜ ከእኛ በላይ፣ ጫፏ የምታርፍበት ቦታ ላይ በቀበቶ ታስሮ ቆሟል። ሥራው ብሎን ማሰር ነው። ብረቱ ስንዝር ሲቀረው እኔ ዝም እላለሁ፤ እሱ እጁን አስገብቶ ቀዳዳዎቹን ያገጣጥማል። ከዚያ እጁን አውጥቶ "ወጥቻለሁ" ይላል፤ እኔም እቀጥላለሁ። ሺህ ጊዜ እንዲህ ሠርተናል።

ብረቱ ከወንድሜ አናት በላይ ሲደርስ ሜትር ወደ ሬዲዮዬ እጁን ዘረጋ። "የመጨረሻዋን ምልክት እኔ ልስጥ፤ ለካሜራው" አለ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነጯ ሄልሜት ግን ዓይኔ ላይ ነበረች። "ጌታዬ፣ 'ውረድ' እያሉ ይቀጥሉ። ትከሻዎን ስነካዎት ዝም ይበሉ" አልኩት። ለአሞራውም በሬዲዮ "አሁን የሚናገሩት አለቃችን ናቸው፤ እሳቸውን ስማ" ብዬ ሬዲዮውን አስረከብኩ።

ስንዝር ሲቀረው ትከሻውን ነካሁት። 'ውረድ' ማለቱ ለአፍታ ሲቋረጥ ወንድሜ እንደልማዱ እጁን አስገባ። ሰውዬው ግን እንኳን ደስ ያለዎት ያልኩት መሰለው። የሬዲዮውን ቁልፍ እንደተጫነ ወደ ካሜራው ዞሮ "ውድ ወገኖቼ! ዛሬ ከዓለም ሕንፃዎች ሁሉ በላይ..." ብሎ ንግግሩን ጀመረ። አሞራው በሞተሩ ጩኸት መሀል ቃሉን አይለይም፤ ድምፅ እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ማውረዱን ቀጠለ። አንዱ ቁልፍ ተጭኖ ሲናገር የሌላው ድምፅ አያልፍም፤ የወንድሜም አላለፈም። እኔ "ጌታዬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!" እያልኩ ጮህኩ። ሬዲዮውን መንጠቅ ሲገባኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አንቱታውን አልረሳሁም።

ጭብጨባው ሲመጣ ሜትር ቁልፉን ለቀቀ። ያኔ የወንድሜ ጩኸት ከሬዲዮው ወጣ። ክሬኑም ቆመ።

ሜትር ወደ ላይ አላየም። ያየው ጎረቤት ጣሪያ ላይ መሣሪያው ላይ ያጎነበሰውን ለኪ ነው። ሬዲዮውን እጄ ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ "ቁጥሩን ሳይጽፍ እንዳታስነሣ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እጁ እንደሆነ አንዴ ሄዷል" አለኝ። ከዚያ ቢጫዋን ሄልሜቴን በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

"ወንድም ጋሼ! አንሣ በለው! በእናታችን!"

"ምልክት! ምልክት የት ነህ?" ይላል አሞራው።

ቁልፉን ተጫንኩ። አፌን ከፈትኩ። ሜትርን አየሁት። ለቀቅኩት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም አልኩ። ለኪው አውራ ጣቱን ሲያሳየን "አንሣ" አልኩ፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ማታ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ይዞኝ "ቶሎ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት..." ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ወንድሜ ሲነቃ ሜትር ሬዲዮውን ይዞብኝ እንደነበር ነገርኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ነጭ ሄልሜቷን አገኘኋት፤ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ለወንድሜም ሥራ ተሰጠው። "ለአሳንሰር አንድ ጣት ይበቃል" አለ ሜትር። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ጎብኚዎችን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ በሩ በተዘጋ ቁጥርም "እንኳን ወደ ዓለም አንደኛው ሕንፃ በደህና መጣችሁ" ይል ነበር። እነዚያ የባሕር ማዶዎቹ በዓመቱ ምሰሶ ቀጥለው ሲበልጡን፣ ማታ ቤት ገብቶ ሁለቱን ጣቶቹን አነሣና "ሁለተኛ ሆንን! ይኸው ልኩ ነው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ትናንት በዜና ሌላ ሕንፃ አለፈን። ዛሬ ጠዋት ለሥራ ሲለባብስ እንደልማዱ የግራ እጅጌውን ዘረጋልኝ፤ የዚያኛውን ቁልፍ በቀኙ መቆለፍ አይችልም።

"ሦስተኛ ሆንን እኮ፣ ወንድም ጋሼ። አሁንስ ከግራ እጄ መዋስ ሊኖርብኝ ነው።"

"ያ ሜትር" አልኩ፣ ሁልጊዜ እንደምለው። "ሬዲዮውን ቢሰጠኝ ኖሮ..."

"ሬዲዮ እኮ እኔም ደረቴ ላይ ነበረኝ" አለ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

"አሞራው ሲጠራህ ተጫንከው። ስትተነፍስ ሰማሁህ። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው፤ የአንተን ትንፋሽ ከማንም ጋር አላምታታውም። ከዚያ ለቀቅከው።"

"ታዲያ... ለምን እስከ ዛሬ..."

"ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ" አለ። እጅጌውን ጠጋ አደረገልኝ። "በል ቆልፍልኝ፤ እየረፈደብኝ ነው።"

ቆለፍኩለት።