የዓርብ ጥማድ

«በሬው ያንተ ነው፣ ለማኅበሩ ሰጠኸው። ጥማዱስ የማን ነበር?» አሉ አባቴ።

ጋሽ ከሊፋ ደጃችን በሬያችን በታሰረበት ግንድ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጭቅጭቁ ከጠዋት ጀምሮ ነው።

«ሜዳው ላይ ያለው ማሳዬ ለአምራቾች ማኅበሩ ተከለለ። አልገባም ብል ድንጋያማውን ዳገት ነው የሚሰጡኝ። ልጆቼን ድንጋይ ላብላ?»

«አስቀድመህ አትነግረኝም?»

«ብነግርህ ታስቀረኝ ነበራ።»

አባቴ ገብረወልድ አንድ በሬ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ከሊፋም አንድ በሬ ነበራቸው። ሁለቱን አቀናጅተው ዛሬ የእኛን ማሳ፣ ነገ የእሳቸውን ያርሳሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የእኛ ቡሬ በግራ፣ የእሳቸው ጉራቻ በቀኝ ነው። ጋሽ ከሊፋ በኦሮምኛ፣ አባቴ በአማርኛ ይጠሯቸዋል፤ በሬዎቹ ሁለቱንም ይሰማሉ። አሁን በዚያ ሜዳ ስንዴው በትራክተር ነው የሚዘራው። እኔ ግን የአገራችን የዲክሲስ ጭጋግ ሳይገፈፍ ይሰማ የነበረው የሁለቱ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ያን ዓመት ክረምቱ እየመጣ ነበር። የገብስ ማሳችን አንዴ ብቻ ታርሷል። በቀበሌው ውስጥ ከቡሬ ሌላ ብቻውን የቀረ በሬ የለም፤ ያልተዘራ መሬት ደግሞ ለማኅበሩ እንደሚሰጥ በስብሰባ ተነግሯል።

ከቀትር በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ካሣዬ መጣ። በዕድሜ ለአባቴ ልጅ ይሆናል። ለወጉ ያህል አባቴን ማኅበሩ እንዲገቡ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ለወጉ ያህል አስበው እምቢ አሉ። ከዚያ እያመነታ የመጣበትን ተናገረ። ጉራቻ ከሌላ በሬ ጋር ሲጠመድ ትልሙ ላይ ይተኛል። ትናንት ቀንበር ሰብሯል።

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እና ቡሬን ፈለጋችሁ።»

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለእኛ ይረስ። እሁድ እኛ ስብሰባ ነን፤ ጥማዱን እርስዎ ይውሰዱ።»

«ካሣዬ፣ እናትህ በሰንበት እረሱ ማለትህን ሰምታለች?»

ካሣዬ አንገቱን ደፋ። ሌላ ቀን ግን አልሰጥም አለ፤ ለአንድ ሰው ሲል የማኅበሩን ሥራ ካጓደለ ከወረዳ ይጠይቁታል። አባቴም ቡሬን እንደማይሰጡ ነገሩት። ተነስቶ ሊሄድ ሲል ጋሽ ከሊፋ ከግንዱ ላይ ሳይነሱ ተናገሩ።

«ማኅበሩ ስገባ ዓርብ ዓርብ ለሶላት ፈቅደህልኝ አልነበር? ፈቃዱን መልሼልሃለሁ፤ እኔ ዓርብንም እሠራለሁ። ጥማዱ ዓርብ ለገብሬ ይሁን።»

«ይሄማ አይሆንም» አሉ አባቴ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እኔ የምነጋገረው ከሊቀመንበሩ ጋር ነው።»

ካሣዬ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ለወረዳ ሰው የሚያስረዳበት ነገር አግኝቷል፤ በሬው ቢጎድል ሰው ተተክቷል። ተስማማ። ማሳችን ሊተርፍልን ነው። አባቴ ቡሬ ማታ ማታ ቤቱ ይደር፣ በበዓል ቀን አይጠመድ ብለው ብቻ ጨመሩ፤ የመጀመሪያውን አገኙ፣ ሁለተኛውን ተውት።

እናቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረበች። ካሣዬ በልጅነቱ ከእኛ ቤት ጭኮ ሰርቆ መገረፉን አነሳ፤ እናቴ እሷ እንዳልገረፈችው ማለች፤ አባቴም ገራፊው ማን እንደነበር ሊያስታውሱ ሲከራከሩ ሳቁ በረታ።

ጋሽ ከሊፋ ተነስተው ቡሬን ከግንዱ ፈቱት። በኦሮምኛ ቀስ ብለው አናገሩትና ከፊት ከፊቱ እየመሩት በአጥሩ በር ጉራቻ ወዳለበት የማኅበሩ ማሳ ወጡ።